ወተቱ የኛ፣ ስሙ የሰው

ጅግጅጋ ውስጥ ሱቅ የሚከፍት ሰው ዕቃ ከማስገባቱ በፊት ሠዓሊ ይፈልጋል። ማንበብ የማይችል ደንበኛ እንዳይቀርበት ፓስታው፣ ሩዙ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው ሁሉ ግድግዳው ላይ ይሳላል። ከላይ ስሙ በሶማልኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ከስሙ ኋላ ደግሞ ‹‹ኢንተርናሽናል›› የምትል ቃል ጣል ትደረጋለች። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለው የሞባይል ጥገና እንኳ ኢንተርናሽናል ነው። አልስቅም። ከድንበር ማዶ ዘመድ የሌለው ነጋዴ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ቃሏ የራሷ እውነት አላት።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ቀለም ፈስሶ፣ ባለቤቱ በሌለበት ዕቃ የሚሸጥ ስም ስንት አለን? በቅርቡ ‹‹ብራንድ›› ስለ መገንባት በተሰጠ ስልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሰልጣኙ ግማሽ ቀን ስለ አርማ፣ ስለ ቀለም ምርጫና ስለ ቲክቶክ አወሩን። ሻይ ጠጥተን ተበተንን። ስም እንዴት እንደሚታመን፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚከፍል ግን አንድም ቃል አልተነሳም።

እስቲ እኛ ከወተት እንጀምር። በጅግጅጋ የግመል ወተት ከዙሪያው ገጠር በጀሪካን ተጭኖ ይመጣል። የሚያመጡትም የሚሸጡትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ደንበኛዬ የሆነችውን ሴት አንድ ቀን፣ ‹‹ኤዶ፣ ወተትሽን ከሌላው በምን ልለየው?›› ስል ጠየቅኳት።

‹‹ወላል፣ ወተት ላይ ምን ይጻፋል? እኔን አታውቀኝም እንዴ?›› አለችኝ፤ ትንሽ ቅር ብሏት።

ቀጥላ አስረዳችኝ። የትኛዋ ሴት ዕቃዋን በደንብ እንደምታጥን ታውቃለች። የትኛዋ ውሃ ጠብ እንደምታደርግም ታውቃለች። የማታውቃትን ሴት ወተት ከሌላው ጋር አትቀላቅልም፤ አንዷ ካበላሸች ጀሪካኑ በሙሉ ይጎመዝዛላ! እንግዲህ ይኼን ፈረንጅ ቢሰማው የጥራት ቁጥጥር ብሎ መጽሐፍ ይጽፍበታል። ችግሩ የዚች ሴት ስም የሚደርሰው ድምጿ እስከሚሰማበት ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። ታምማ አንድ ሳምንት የቀረች እንደሆነ ስሟም አብሯት ይተኛል።

ወተቱን የምትቀዳልኝ ደግሞ በምን መሰላችሁ? በ‹‹ሃይላንድ››። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ዛሬ በአገሩ ሁሉ የማንኛውም የላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗል። ስሙ በጣም ከመታወቁ የተነሳ ከባለቤቱ እጅ አምልጦ ሄዷል። ሴትየዋ ግን ያመለጠ ስም እንኳ የላትም፤ ወተቷ ሰው በጣለው ጠርሙስ፣ በሰው ስም ይሄዳል።

ስም ከዚህ አካባቢ ተነስቶ ሩቅ መሄድ አይችልም የሚል ካለ ባቢሌን ይጠይቅ። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ ሳያውቅ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ‹‹አንድ ባቢሌ!›› ሲል የኖረ ስንት ሰው አለ! ከተማዋን ያስተዋወቃት ጠርሙሱ ነው።

ደግሞም ምልክት ለሶማሌ አርብቶ አደር እንግዳ ነገር አይደለም። ግመሉ ላይ በጋለ ብረት የሚተኩሰው ምልክት ‹‹ሱመድ›› ይባላል። እንግሊዝኛው ‹‹ብራንድ›› ራሱ ከእሳትና ከመተኮስ የመጣ ቃል ነው። ሱመድ ሁለት ሥራ አለው። ግመሉ ሲጠፋ የማን እንደሆነ ይናገራል። የሰው አዝመራ ሲበላም ካሳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ያጋልጣል። መብትም ዕዳም ነው። ስልጠናው የዘለለው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ገበያ እንሻገር። ራሱ ጥቁር፣ ሰውነቱ ነጭ፣ ላቱ ወፍራም የሆነውን የሶማሌ በግ የማያውቅ የለም። ከጅግጅጋ ዙሪያ፣ ከሐርሺን፣ ከሐርተሼክ ወገን የሚነሳው በግ ድንበር ተሻግሮ፣ በርበራ ወደብ ደርሶ፣ መርከብ ላይ ይወጣል። ሳውዲ ሲወርድ ስሙ ‹‹በርበሪ›› ነው። የሐጅ ሰሞን ገዢው ‹‹በርበሪ አለ?›› ብሎ ይጠይቃል፤ ተፈላጊ ነውና ዋጋም ያወጣል። የትኛው መስክ ላይ እንደጋጠ፣ በየትኛው ድርቅ ማን ውሃ ተሸክሞ እንዳተረፈው ስሙ ውስጥ የለም። ስም የሰጠው የመጨረሻው በር ነው።

‹‹ታዲያ ምን አለበት? ዋናው መሸጡ አይደል?›› የሚል አንባቢ ይኖራል። ስሙ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳውዲ ዐረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ፈርታ ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳት እንዳይገቡ አገደች። እገዳው ተነስቶ ብዙ ሳይቆይ፣ በ2000 በሽታው ሳውዲና የመን ውስጥ በመታየቱ ገበያው እንደገና ተዘጋ። ሳውዲ እገዳዋን ያነሳችው በ2009 ነው። በእነዚህ ዓመታት የሐርሺኑ ሰው በጉ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ‹‹የኔ ሌላ ነው›› ማለት አልቻለም። በምን ስም ይበል? ስሙ ሲያተርፍ የወደቡ ነበር፣ ሲከስር ግን የሁሉም ሆነ።

ስም የሕግ ጉዳይ መሆኑን ያሳየን ጎረቤታችን ሐረር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ብዙ ተባባልን። በሰኔ 2007 ስምምነት ተፈረመና ኩባንያው ለስሞቹ ዕውቅና ሰጠ። ያ ሁሉ ክርክር ስለ ቡናው ፍሬ አልነበረም፤ ስለ ስሙ ነበር። ፍሬውን ማንም ይቆላዋል።

ስም የመጨረሻው ሀብት የሚሆንበት ጊዜም አለ። መሐመድ ሰዒድ ዱዓሌ እ.ኤ.አ. በ1970 ቡርዖ ላይ ‹‹ደሃብሺል›› የተባለውን ንግዱን ጀመረ፤ ትርጉሙ ወርቅ አቅላጭ ማለት ነው። ባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠሩ ሰዎችን ገንዘብ ለቤተሰቦቻቸው ያደርስ ነበር። በ1988 ጦርነቱ ቡርዖንና ሐርጌሳን ሲያወድማቸው እርሱም ያለውን ትቶ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ያን ጊዜ ሐርተሼክ በስደተኛ ተሞልታ ነበር። ሱቅ የለ፣ ታፔላ የለ። ‹‹ለዚህ ሰው የሰጠኸው ገንዘብ ይደርሳል›› የሚል እምነት ግን ድንበር ተሻግሮ አብሮት መጥቷል። ሥራውን እንደገና ጀመረ፤ ደሃብሺል በብዙ አገሮች የሚሠራ ኩባንያ ሆነ። ከጦርነቱ የተረፈው ስሙ ብቻ ነበር፤ እርሱም በቃው።

የኛም ጅምር ይኸው እምነት ነው፤ ወተት ሻጯ ጋ በሽ በሽ ነው። የጎደለው ከእርሷ ተለይቶ ብቻውን መሄድ የሚችል ስም ነው። አሥር የሚተዋወቁ ሴቶች ‹‹የእከሊት ወተት መጣ፣ ተመርምሮ ተቀላቀለ›› የሚል መዝገብ ይዘው፣ በአንድ ስም አሽገው ቢያቀርቡ መንገዱ ይጀመራል። በንግድ ቢሮ የተመዘገበ የንግድ ስም ከንግድ ምልክት ጋር አንድ እንዳልሆነም ይወቁ። አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክቱን የሚያስመዘግብ ሰው ለሰባት ዓመት እንዲጠበቅለት፣ ከዚያም እንዲያሳድሰው ይፈቅዳል። ሌላው ሰው ቀድሞ ቢያስመዘግበው ግን ‹‹ወተቱ እኮ የኛ ነው›› ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚያዋጣው ታዲያ የሱመዱ ሁለተኛ ሥራ ከተያዘ ነው። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ስም ወተቱ ጎምዝዞ ሲገኝ ‹‹የኔ ነው፣ አምጡት፣ እከፍላለሁ›› የሚል መሆን አለበት። እንዲህ የሚል ሰው ከተገኘ ቀለሙን ቀስ ብለን እንመርጣለን።