የማይመች መስኮትና መጋረጃው

መጋረጃ በአገራችን አስቀድሞ የታወቀው በቤተ መቅደስና በንጉሥ ዙፋን ፊት እንጂ በመስኮት ላይ አልነበረም። ከ1512 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጋረጃ ተከልለው መልክተኞችን ያነጋግሩ እንደ ነበር ጽፎአል። የዛሬ ቤት ግን መስኮቱ ብዙ፥ መስታወቱም ሰፊ ስለ ሆነ፥ መጋረጃ የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኖአል። መስኮቱ አራት ማዕዘንና በግድግዳው መካከል የተከፈተ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ቅርጹ እንግዳ ወይም ቦታው የማይመች ሲሆን ግን ገንዘብ ይባክናል፥ ጨርቅም ይበላሻል፤ በእኛ ቤት እንደ ሆነውም ከጨርቅ የሚበልጥ ነገር ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በስሕተታችን ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ቤታችን በፉሪ፥ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የጅቡቲ ባቡር የለቡ ጣቢያ እምብዛም ሳይርቅ፥ በዘቅዛቃ መሬት ላይ የተሠራ ነው። ግንበኛውም መስኮቶቹን እንደ ወደደ ሳይሆን እንደ ተቻለው ከፈታቸው። በላይኛው ፎቅ፥ ጣራው በሚያዘቀዝቅበት ግድግዳ ላይ፥ ሦስት ማዕዘን የሆነ መስኮት አለ። በደረጃው ላይ ክብ መስኮት አለ። በእንግዳ መቀበያው ጥግ ደግሞ ስፋቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ቀጭን መስኮት የጎኑን ግድግዳ ታክኮ ቆሞአል። አራተኛው በአባታችን ክፍል፥ በምሥራቅ በኩል፥ ከአልጋቸው ራስጌ ከፍ ብሎ የተከፈተ ትንሽ መስኮት ነው።

ለፋሲካ እንግዳ ስለምንጠብቅ፥ ቤቱ አንድ መልክ ይኑረው ብለን ከመርካቶ ወፍራም ቡናማ ጨርቅ ገዝተን አራቱንም መስኮቶች በእርሱ አለበስናቸው። የአባታችን መስኮት ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ማንም አይደርስበትም ብለን መጋረጃውን ላይና ታች በሚስማር መታነው። እንግዶቹም መጥተው ቤቱን አደነቁልን፤ እኛም ደስ አለን።

አባታችን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የቤተ ክህነት ሰው ናቸው። ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት፥ ፀሐይ በዚያች መስኮት ስትገባ፥ ከአልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። የኤሌክትሪክ መብራት ዓይናቸውን ስለሚወጋቸው አይወዱትም። መዝሙሩን በቃላቸው ቢያውቁትም፥ መጽሐፉን ሳይገልጡ መድገም ልማዳቸው አይደለም፤ እኛንም ፊደል ያስቆጠሩን ከዚሁ መጽሐፍ ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ግን መጽሐፉ ከማኅደሩ ሳይወጣ መክረሙን አየን። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ልጄ፥ ፊደሉ ሸሸኝ። የዓይኔ ነገር አበቃለት። እናንተን እንዳላስጨንቅ ብዬ ዝም አልሁ» አሉን።

እኛም ደንግጠን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዝን። ከቀጠሮው ቀን በፊት ባለቤታችን መጋረጃዎቹን ልታጥብ አወረደቻቸው። በማግሥቱ ማለዳ ከአባታችን ክፍል የመጽሐፍ ቅጠል ሲገለጥ ተሰማን። ገብተን ብናይ ብርሃኑ በገጹ ላይ አርፎአል፤ እርሳቸውም ቀና ብለው «ፊደሉ ተመለሰ» አሉን። ወደ ሐኪሙ መሄዳችን አልቀረም፤ ለዕድሜያቸው የሚሆን መነጽር ተሰጣቸው። ነገር ግን አንድ ወር ሙሉ አባታችንን በጨለማ ያኖራቸው የዓይናቸው ድካም ሳይሆን እኛ የመታነው ሚስማር ነበር። እጃቸው መጋረጃውን ሊደርስበት አይችልም፤ ሰው ማስቸገርም አይወዱም። እኛም የመስኮቱን ስፋት በክንድ ስንለካ፥ ከሥሩ ማን እንደሚቀመጥ ልብ አላልንም ነበር።

ከዚህ ወዲያ ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርን። አስቀድመን የጠየቅነው በእያንዳንዱ መስኮት ምን እንደሚገባ ነው፤ ብርሃን ነውን? አቧራ ነውን? ወይስ የሰው ዓይን? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ፥ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ አናት የቀረበ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፥ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ወደ ቤት ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ግን የጧትና የማታ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ጨርቅ ለምዕራብ መስኮት ማዋል፥ ለምሥራቁ ግን ስስ መጋረጃ መስቀል ይበልጣል።

ሦስት ማዕዘኑን መስኮት በተመለከተ፥ መጀመሪያ ዘንጉን በዘቅዛቃው ጎን ሰቅለነው ቀለበቶቹ ሁሉ ተንሸራትተው ከታች ተከማችተው ነበር። አሁን ዘንጉን በመስኮቱ አጋማሽ ላይ አግድም አድርገን የታችኛውን ክፍል ብቻ ሸፈንን፤ ሹሉን ጫፍ ለብርሃን ተውነው። ክቡ መስኮት ከውጭ ማንም የማያይበት ስለ ሆነ ያለ መጋረጃ ቀረ፤ መልኩ ራሱ ጌጥ ነው። ቀጭኑ መስኮት በአንድ ወገን ግድግዳ ስለ ያዘው መጋረጃው ወደ ሁለት አይከፈልም፤ ስለዚህ ዘንጉን ክፍት በሆነው ወገን ሁለት ስንዝር አስረዝመን፥ ቀን ቀን መጋረጃው ከመስታወቱ ላይ ፈጽሞ እንዲነሣ አደረግን። ይኸው መስኮት የጎረቤታችንን ጓሮ ስለሚያይ፥ የመስታወቱን የታች እኩሌታ በስስ ጨርቅ ጋረድነው። በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን፥ በመስኮት የተጀመረ የጎረቤት ጠብ ወደ ክርክር ሲያድግ ስላየን፥ ጥቂት ክንድ ጨርቅ ሰላምን እንደሚያተርፍ እናውቃለን።

ጨርቁንም በዚህ ጊዜ ከአገራችን ሸማኔ አሠራን። የሸማኔ ሥራ ስፋቱ ጠባብ ነው ተብሎ አይናቅ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው፥ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሐር መጋረጃ፥ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ሦስት ክፍል ጨርቅ ተጋጥሞ የተሰፋ ነው። አባቶቻችን ጠባቡን አጋጥመው ለመቅደስ የሚበቃ ካደረጉት፥ ለእኛ ቤት መስኮት አያንስም። ብቻ የጥጥ ሸማ ሲታጠብ ስለሚያጥር፥ ሳይቈረጥ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠብ። እጥፋቱም እንዲያምር የጨርቁ ስፋት የመስኮቱን ስፋት ሁለት እጅ ያህል ይሁን። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት እንደ ሆነ ደግሞ ዘንጉ ከመዝጊያው በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ አለዚያ መስኮቱ በተከፈተ ቍጥር ጨርቁን ይጐትተዋል።

የአባታችንን መስኮት በመጨረሻ ሠራነው፤ በቅድሚያም እርሳቸውን ጠየቅን። እርሳቸውም «የሌሊቱ ብርድ እንዳይገባ ይጋረድ፤ ነገር ግን መክፈቻው በእኔ እጅ ይሁን» አሉን። ስለዚህ በቀለበት የሚሄድ ነጭ ስስ ሸማ ሰቅለን፥ ገመዱን እስከ አልጋው አወረድንላቸው። ዛሬ ማለዳ ማለዳ የቀለበቱ ድምፅ ሲሰማ፥ አባታችን ዳዊታቸውን ሊጀምሩ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቃል።

መጋረጃ የሚመርጥ ሰው ሁሉ የመስኮቱን ቅርጽ ከመለካቱና የጨርቁን ቀለም ከማማረጡ በፊት፥ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠውን ሰው ይጠይቅ። እንግዳ ቤቱን የሚያደንቀው ለአንድ ቀን ነው፤ ብርሃኑ ግን በቤቱ ለሚኖሩት የዘወትር ነውና።