ያገለገለ ቸርኬ ስታድሱ ልጃችሁ የት ነው?

 

ዛሬ ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም አላወራችሁም። ስለ ቸርኬ ነው የማወራችሁ። «ዶክተር፣ ቸርኬን ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ መኪናም ትንሽ ልጅም ካለ ይመለከታችኋል።

ባለቤቴ በቅርቡ ከሶማሌ ተራ አራት ያገለገሉ የአሎይ ቸርኬዎች ገዝቶ መጣ። ለአሮጌዋ ቪትዛችን የሚሆኑ ባለ 14 ኢንች ናቸው። ቀለማቸው ተላጧል፣ ጠርዛቸው በድንጋይ ተፍቋል፣ ውስጣቸው ጥቁር አቧራ ለብሷል። ጋራዥ ለማደስ የጠየቀን ገንዘብ ከተገዙበት ዋጋ ብዙም አያንስም። «እኛው በሁለት ቅዳሜ እንጨርሰዋለን» አለኝ። ተስማማሁ። ነገር ግን የአራት ዓመት ልጅ አለችን፤ ግቢው ደግሞ የእሷ ነው። ስለዚህ አንድም ነገር ሳይነካ በፊት ቁጭ ብለን የሥራውን ቅደም ተከተል አወጣን። እሱ ስለ ቀለሙ አሰበ፣ እኔ ስለ ልጅቷ።

መጀመሪያ ምርመራ ነው። ቸርኬም እንደ ታካሚ ሳይመረመር አይታከምም። ጎሚስታ ዘንድ ወስደን አሮጌዎቹን ጎማዎች አስወለቅን፣ ባላንስ ማሽኑ ላይ እያሽከረከርን መጣመሙን አየን። ከታጠቡ በኋላ ደግሞ በጠራራ ብርሃን ከውስጥም ከውጭም አገላብጠን አየናቸው። የአንዱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች። ባለቤቴ ወደ ሻጩ ወስዶ በሌላ ለወጠው። ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም። የተሰነጠቀ ቸርኬ አየር ያፈሳል፣ ይባስ ሲል በፍጥነት ላይ እያላችሁ ሊሰበር ይችላል። ቤተሰብ የምትጭኑበት መኪና ከሆነ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

ጎሚስታው ጋ ሳላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ለባላንስ ጠርዙ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ክብደቶች ብዙ ጊዜ ከእርሳስ የተሠሩ ናቸው። እርሳስ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው፤ በልጅ ደም ውስጥ «ይህን ያህል ቢኖር ችግር የለውም» የሚባል መጠን አይታወቅም። ልጅ ደግሞ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ነገር ካገኘ የሚሞክረው በአፉ ነው። ስለዚህ የተነቀሉትን በቆርቆሮ ሰብስቦ እዚያው እንዲያስቀር ጠየቅነው።

ቀጥሎ እጥበት ነው። ያ ጥቁር አቧራ ከፍሬን ሸራ የሚወጣ ነው። የቆዩ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፤ እሱ ወደ ሳንባ ከገባ በሽታው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው የሚገለጠው። ስለዚህ በኮምፕሬሰር አየር አታራግፉት፣ ደረቁንም አትጥረጉት። በውኃ አርጥባችሁ በሳሙናና በጨርቅ እጠቡት፣ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉት። ቸርኬ ለማጽዳት የሚሸጡ አንዳንድ ጠንካራ አሲዶች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አላቸው። ይህ አሲድ ቆዳ ሲነካ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን እስከ አጥንት የሚዘልቅ ጉዳት ያደርሳል። እኛ ሳሙናና ብሩሽ በቅቶናል።

ከዚያ የድሮውን ቀለም ማንሳት። የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል አልተጠቀምንም። አንዳንዶቹ ዲክሎሮሜቴን የተባለ ነገር አለባቸው፤ እሱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፣ ከሰል የሚገድልበት ያው ጋዝ ማለት ነው። በር ዘግተው ሲሠሩበት የሞቱ ሰዎች አሉ። እኛ በብርጭቆ ወረቀት ነው የፋቅነው። ሻካራውን አስቀድመን፣ ከዚያ 240፣ ከዚያ 400፣ በመጨረሻ 600 ቁጥር፤ ሁሉንም ውኃ እያረጠብን። አቧራው ከውኃው ጋር ይወርዳል እንጂ አይነሳም። ክንድ ያደክማል፣ ሳንባ ግን ያሳርፋል። ባለቤቴ ሲጨርስ የሥራ ልብሱን ውጭ አውልቆ፣ እጁንና ፊቱን ታጥቦ ነው ልጁን ያቀፈው። «በቤቴም ሐኪም አለብኝ» እያለ አጉረመረመ፣ ግን አደረገው።

ቀለም የሚረጭበት ቅዳሜ ልጅቷ አያቷ ቤት ዋለች። ክፍት ቦታ ላይ፣ ከመስኮት ርቀን፣ መጀመሪያ አሉሚኒየም የሚይዝ የሥር ቀለም፣ ከዚያ ብርማውን፣ በመጨረሻ መስታወት የመሰለውን ሽፋን በስስ በስሱ ረጨን። እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለ። ሃርድነር የሚቀላቀልበት ቀለም በጣም ጠንካራ ነው፤ ግን አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለው። እሱ ጤነኛ የነበረን ሰው አስም ሊያስይዝ ይችላል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ጥቂቱም ይቀሰቅሰዋል። የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ ከዚህ አያድንም። እኛ ያለ ሃርድነር የሚሠራውን መረጥን፤ ዕድሜው አጭር ቢሆንም ይበቃናል። ለዚህም ቢሆን የቲነር ሽታ የሚያስቀር የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ሃርድነር ያለውን ከፈለጋችሁ ተገቢው ክፍልና መከላከያ ላለው ባለሙያ ስጡ። ነፍሰ ጡር እናትና አስም ያለበት ሰው ከሁሉም ይራቁ።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳጻፈኝ ነገር ልምጣ።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሳለሁ አንድ አባት የሁለት ዓመት ልጁን ታቅፎ መጣ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። የአባትየው ጣቶች ብርማ ቀለም ነበረባቸው። መኪናውን ሲቀባ ቲነሩን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ቧንቧው አጠገብ አስቀምጦት ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ አሳለው። ቤተሰቡ ደንግጦ ወተት አጠጣው፣ ጣት ከትቶም አስመለሰው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ትንፋሹ ፈጥኖ ነበር። ኦክስጅን አድርገን ለቀናት አስተኛነው። ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትየው አልጋው አጠገብ ቆሞ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ውኃ መስሎት እኮ ነው።»

እውነቱን ነው። ለልጅ የሃይላንድ ጠርሙስ ማለት ውኃ ነው። ቲነር፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሱት ሆድ ውስጥ አይደለም። በጣም ቀጭን ፈሳሽ ስለሆኑ በትንታ ወደ ሳንባ ሾልከው ይገባሉ። ስታስመልሱት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ በጉሮሮው ታሳልፉታላችሁ፣ ሁለተኛ ዕድል ትሰጡታላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ልጅ ቢጠጣ፦

1. አታስመልሱት። ጣትም፣ የጨው ውኃም አይሆንም።

2. ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል አትስጡት። ወተት ቲነርን አያረክስም፤ ሆድ ሞልቶ ትውከት ይጋብዛል።

3. የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡ። ዓይን ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ያለማቋረጥ እጠቡ።

4. ደህና ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። የሳንባው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል። የጠጣበትን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንድ ቲነር ዓይን የሚያጠፋ ሜታኖል ስላለው ምን እንደጠጣ ማወቅ አለብን።

5. ካሳለው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከደነዘዘ አትዘግዩ። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ 939 ነው።

እኛ ቤት ቲነሩ ከተገዛበት ቆርቆሮ አልወጣም፤ ሲያልቅ ክዳኑ ተጠብቆ ቁም ሳጥን አናት ላይ ተቆለፈበት። በውኃ ጠርሙስ፣ በብርጭቆ፣ በጆግ መቅዳት ክልክል ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ቸርኬዎቹ አሁን መኪናዋ ላይ ናቸው፣ አምረዋል። የመጨረሻ ምክሬ፦ ዳዶው የሚቀመጥበትንና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቀለም አታስነኩት፤ ወፍራም ቀለም ሲረግፍ ዳዶው ይላላል። ከተገጠመ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ዳዶዎቹን እንደገና አስጠብቁ።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ግቢያችሁንና ጋራዣችሁን አንዴ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቲነር፣ ቤንዚን ወይም በረኪና የተቀዳበት የውኃ ጠርሙስ ካገኛችሁ ዛሬውኑ አንሱት። መኪና ለሚቀባ ጎረቤትም ንገሩ፣ ለወላጆች አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።