ዓይን ለድጓው



ድጓ ገልጣችሁ ያያችሁ እንደሆነ ከንባቡ በላይ የተደረደሩትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ታስታውሳላችሁ። በቤተልሔምና በዙር አምባ ጉባኤ ቤቶች የሚማር ደቀ መዝሙር ዕድሜውን የሚሰጣቸው እነዚያ ምልክቶች ጤነኛ ዓይን ይጠይቃሉ። በደቡብ ጎንደር ግን ገና ከሕፃንነት ጀምሮ ዓይን ላይ የሚያደባ ደዌ አለ፤ ትራኮማ ይባላል። በሕፃናት ክፍል ሳገለግል እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ ዝንብ የሰፈረበትን የልጅ ዓይን እንደ ተራ ነገር አይተን ማለፋችን ነው።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታው ተገኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነጻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን በብዙ ቦታ ቢያቃልለውም ከደጋችን ጨርሶ አልወጣም።

ተዋሲው ከዓይናርና ከንፍጥ ጋር በእጅ፣ በጋራ ፎጣ፣ እናት የልጇን ፊት በምትጠርግበት የነጠላ ጫፍ ይተላለፋል። ዝንብም ያጋባዋል፤ ዝንቡ ደግሞ በሜዳ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ይራባል። አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። ሲደጋገም ግን የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ብሌኑን ይፍቃል። እናቶቻችን በወረንጦ ሲነቅሉት ያላየ ማን አለ? ተመልሶ ይበቅላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይጎዱበታል፤ ሕፃናቱን አቅፈው የሚውሉት እነርሱ ናቸውና።

«ውኃው ሩቅ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቁልቁለት ተወርዶ በጀሪካን ለሚመጣ ውኃ ይሳሳል። ለአንድ ሕፃን ፊት ግን ጥቂት እፍኝ ይበቃል። ጌታችንም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ዓይን ሲያበራ፣ ወደ ሰሊሆም ሄዶ እንዲታጠብ ማዘዙን አትርሱ።

«ጸበል እያለ ሐኪም ለምን?» የሚሉም አሉ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ ስለዚህ ጸበል የምትጠመቅ አያታችሁ በጤና ጣቢያ ሽፋሽፍቷን በቀዶ ጥገና ብታስተካክል ከእምነቷ አልወጣችም። ሥራው አጭር ነው። መዘግየቱ ነው ክፉው፤ ብሌን ላይ የወጣን ነጭ ጠባሳ ይህ ቀዶ ጥገና አያነሣውም።

በእኛ ክፍል በር ላይ የተበሳ ጀሪካን ሰቅለናል። ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስታጥባሉ፤ በነጠላ መጥረግ ክልክል ነው፣ ፊታቸውን ነፋስ ያደርቀዋል። ከመዝሙር በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የመዝሙር አስጠኚዎቹ አሁንም ያጉረመርማሉ።