ሰደድ እሳት ማጥፋትም ትምህርት አለው

ገጠር ያደገ ሰው «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። የያዘውን ይጥላል፣ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይዘነጥላል፣ ጭሱ ወዳለበት ይሮጣል። ሴቶች ውኃ ተሸክመው ይከተላሉ፤ ልጆችም ተከልከሉ ቢባሉ አይሰሙም። በማግስቱ ማን ቀድሞ እንደደረሰ ይወራል፣ የቀረውም ይታማል። ይህን ወግ አልንቀውም፤ አገር ያቆየ ወግ ነው። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። የሚሮጠው ሰው በየት በኩል እንደሚመለስ የሚያስብለት የለም።

ይህን ጉዳይ ያነሳሁላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አረርቲ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ባለፈው ወር ደውላ «ይሄ ልጅ የደን እሳት አጥፊ ካልሆንኩ እያለ ነው፤ እስቲ አንቺ ምከሪልኝ» አለችኝ። ልጁ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ለወጣቶች ሥልጠና ሊሰጥ ነው መባሉን ሰምቶ ልቡ ሸፍቷል። እህቴ የምትጠብቀው «ተው» እንድለው ነው፤ አንድ ወንድ ልጅ ነው ያላት። እኔ ደግሞ «ተው» ከማለቴ በፊት እንዲህ ያለ ሥልጠና ምን እንደሚያስተምር ማወቅ ፈለግሁ። ልጃችሁ ነገ እንዲሁ ቢላችሁ ይጠቅማችኋልና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አስቀድሜ ስለ አገሩ። አረርቲ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ከተማ ናት። የምንጃር ጤፍ የሚባለው ከዚያ ነው፤ የሸንኮራ ዮሐንስ ጸበልም በዚያው ወረዳ ይገኛል። ከኅዳር በኋላ አገሩ ይደርቃል። ማሳው ገለባ፣ ዳገቱ ደረቅ ሣር፣ ወደ ከሰም ወንዝ የሚወርደው ገደል ደግሞ ግራርና ቁጥቋጦ ነው። ደን ሲባል ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ብቻ የሚታያችሁ ከሆነ «እዚህ ምን ይቃጠላል?» ትሉ ይሆናል። ሰደድ እሳት ግን እንዲህ ያለውን ይወዳል። ቀጭን ሣር ከወፍራም ግንድ ቀድሞ ይያያዛል፤ ነፋስ ሲያገኝማ ሰውም አይቀድመው። ጥቅጥቁም ደን ቢሆን ከሰሜን ሸዋ አልጠፋም። በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው። መንዝ ላይ ደግሞ ነዋሪው በራሱ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረው ጓሳ አለ። የእህቴ ልጅ የሚያልመው እነዚህን ነው።

አዲስ አበባ ላለን ነገሩ ቀላል ነው። 939 ደውለን መኪናውን እንጠብቃለን። መኪና የማይገባበት ገደል ላይ ግን ምን ይደረጋል? በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ያየነው ይህንኑ ነው። የዋልያና የጭላዳ መኖሪያ የሆነው ገደል እየነደደ ነዋሪው ቅርንጫፍ ይዞ ወጣ። ቆየት ብሎ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ደግሞ ሄሊኮፕተር መጣ። ከዚያ በፊትም በ1992 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ሲቃጠሉ ወታደሩ፣ ተማሪውና ገበሬው ዘምቷል፤ ያኔም ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጥተዋል። ሁለቱን ጊዜ ሳስታውስ የሚቆጨኝ ሰው አለመጥፋቱ ነው። ሰውማ ሞልቶ ነበር፤ የሠለጠነው ነው ከውጭ የመጣው።

ታዲያ ሥልጠናው ምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚመዘገብ ሰው መጀመሪያ 20 ኪሎ የሚያህል ሸክም ተሸክሞ 4.8 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ እንዲራመድ ይደረጋል። መሮጥ አይፈቀድለትም። ከሩብ ኩንታል ትንሽ ያነሰ ማለት ነው፤ የምንጃር ልጅ የማያውቀው ሸክም አይደለም። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ተማሪው እሳት እንዴት እንደሚሄድ ይማራል። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከበላዩ ወዳለው ሣር ስለሚያዘነብል ገና ሳይደርስበት ያደርቀዋል። ባለሙያዎች እንደሚያሰሉት ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የከሰምን ገደል አስቡት። ከታች ጭስ አይቶ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ጎረምሳ እሳቱ ወደ እሱ የሚመጣበትን ፍጥነት በዓይኑ ሊገምተው አይችልም። ነፋሱም ቀን ቀን ሽቅብ ይነፍሳል፣ ሲመሽ ቁልቁል ይዞራል፤ ጠዋት ደኅና የነበረ ቦታ ማታ ወጥመድ ይሆናል።

ከዚያ ቁፋሮው ይመጣል። የሰደድ እሳት ሠራተኛ ዋና መሣሪያው ውኃ አይደለም፤ ዶማ፣ አካፋና መጥረቢያ ነው። ከእሳቱ ፊት ሣሩንና ሥሩን ጠርጎ ባዶ አፈር ያወጣል፤ እሳቱ የሚበላው ሲያጣ ይቆማል። አውድማ ለጥልቆ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላም ሥራው አያልቅም። ሥር ለሥር የገባ እሳት ቀናት ቆይቶ ሊነሣ ስለሚችል እያንዳንዱ ጉቶ ይፈተሻል። ከሰል ያከሰለ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

ለእህቴ ረጅሙን ሰዓት የወሰድኩባት ግን ስለ አራቱ ነገሮች ነው። ማንም ሠራተኛ እሳት ከመግጠሙ በፊት አራት ነገር መሟላቱን ያረጋግጣል። ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ እሳቱን ብቻ የሚያይ ጠባቂ አለ ወይ? ከጠባቂው ጋር መነጋገሪያ ሬዲዮ አለ ወይ? መሸሻ መንገዱ ታውቋል ወይ? መንገዱ የሚያደርሰው ቦታስ በእርግጥ የማይቃጠል ነው ወይ? አንዱ ከጎደለ አይገባም። አለመግባቱም ፈሪ አያሰኘውም። «እንዲህማ ከሆነ ትምህርቱ መሸሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ፣ ግማሹ እሱ ነው እትዬ፣ አልኳት።

በ1949 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ማን ገልች በሚባል ሸለቆ የሆነውንም ነገርኳት። 16 እሳት አጥፊዎች ከታች የተነሣ የሣር እሳት ሽቅብ አሳደዳቸው። አለቃቸው ዋግ ዶጅ ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ሣር አቃጠለና አመዱ ላይ ተኛ፤ የተቃጠለ ዳግም አይቃጠልምና ትልቁ እሳት በዙሪያው አለፈ። ሰዎቹን ወደ አመዱ እንዲገቡ ቢጠራቸውም አልገቡም፤ እንዲህ ያለ ነገር አልተማሩም ነበር። 13ቱ ሞቱ። ያ ዘዴ ኋላ ላይ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ሆነ።

ሥራውስ እንጀራ ይሆናል ወይ? የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ አጥ ወጣቶችን መልምሎ፣ አሠልጥኖና ደመወዝ ከፍሎ ሰደድ እሳት ላይ ያሰማራል። በእኛ አገር የደን ትምህርት ወንዶ ገነት ላይ ከተጀመረ ዘመናት አልፈዋል፤ ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ያልኩት አጭሩን ሥልጠና እንዲወስድ፣ ግን ደን እንዲማር ነው። ዓመቱን ሙሉ እሳት አይኖርም፤ ደኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ጠባቂ ይፈልጋል። «አክስቴ፣ ጀግንነቱን እኮ አሳጣሽብኝ» ብሎ ሳቀ።

እናንተም ልጃችሁን እንዲህ ወዳለ ሥልጠና ከመላካችሁ በፊት የሚያሠለጥነውን ሰው ፊት ለፊት ጠይቁት። ስንት ቀን ነው? በተግባር ነው ወይስ አዳራሽ ውስጥ ብቻ? እሳት በተነሣ ጊዜ የሚያዝዘው ማን ነው? ቢጎዳስ ማን ያሳክመዋል? አራቱን ነገሮች ያስተምራል ወይ? «እኛ ጋ ድፍረት ነው የሚያስፈልገው» ካላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ልብሱንም እዩ። ልጆቻችን የሚወዱት ቱታ አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ እሳት ሲያገኘው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የጥጥ ሱሪ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ያስፈልገዋል። የእህቴ ልጅ ጫማውን እኔ እንድገዛለት ጠይቆኛል፤ ቁጥሩ 43 ነው።