14 ቀን፣ 96 ሰዓት

ኬንያና ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያስታወቁት በአንድ ቀን ነው፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ማርች 13 ቀን 2020። ዕለቱ ዓርብ ነበር። እዚህ ናይሮቢ የጤና ሚኒስትሩ ሙታሂ ካግዌ ከአሜሪካ በለንደን በኩል የተመለሰች የ27 ዓመት ኬንያዊት በበሽታው መያዟን ተናገሩ። አዲስ አበባ ደግሞ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ መገኘቱ ተነገረ። ማታ ስልክ ሲደወል ወላጆቻችን "እናንተ አገር ገባ አሉ፣ እንዴት ናችሁ?" አሉን። እኛም "እናንተ አገርስ?" አልናቸው። ሁለታችንም ሌላውን ለማጽናናት ነበር የተደዋወልነው።

እኛ በዚህ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የቆጠርን፣ ያኔ ግን ናይሮቢ ውስጥ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር አምስት ልጆች ነን። የሦስታችን ወላጆች ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነበር፤ የሁለታችን ቤተሰቦች እዚሁ ናቸው። ዘንድሮ ለመጽሔቱ እንድንጽፍ ስንጠየቅ ስለዚያ ጊዜ እንጻፍ ያልነው፣ ዛሬ በታችኛው ክፍል የተቀመጡት ልጆች ያኔ ወይ አልተወለዱም ወይ ገና ይድሁ ስለነበር ነው። ታላላቆቻቸው ደግሞ የሚያስታውሱት ጭንብሉንና በስልክ መማሩን ብቻ ነው።

እሑድ ማርች 15 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ አዘዙ። ተመላላሽ ተማሪዎች በማግስቱ ቀሩ፤ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እስከ ረቡዕ፣ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዓርብ ማርች 20 ተማሪዎቻቸውን እንዲሸኙ ተባለ። ለኬንያውያን ጓደኞቻችን ይህ "ቤታችሁ ግቡ" ማለት ነበር። ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው፣ ማታቱ እየተሳፈሩ ወደ ኪሱሙ፣ ወደ ሜሩ፣ ወደ ኤልዶሬት ሄዱ። የእኛን ቤት ግን ማን ያስበው? ዶርሙን ልቀቁ የሚለው ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ ስለ ውጭ አገር ተማሪ የሚል አንድም መስመር አልነበረበትም። የጠየቅናቸው የቢሮ ሠራተኛ ወረቀቱን እንደገና አንብበው "ሁሉም ተማሪ ነው የሚለው" አሉን።

ከዚያ በኋላ ያለው የሒሳብ ጉዳይ ነበር። ኢትዮጵያ ከማርች 23 ጀምሮ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል እንዲቆይ አዘዘች፤ የየብስ ድንበሯንም በዚያው ቀን ስለዘጋች በሞያሌ መሄድ አልተቻለም። ኬንያ ደግሞ ማርች 25 እኩለ ሌሊት ላይ የመንገደኛ በረራ አቆመች። ዶርም ከለቀቅንበት እስከ በረራው መዘጋት የነበረን አምስት ቀን ነው። የ14 ሌሊት ሆቴል ከአውሮፕላን ቲኬቱ ይበልጣል። ወላጆቻችን "ና" ማለትም "ቅር" ማለትም ፈሩ፤ "እናንተ ታውቃላችሁ" አሉን፣ ይህም ከወላጅ አፍ ሲወጣ ከሁሉ የከበደ መልስ ነው። በመጨረሻ ሦስታችንም ቀረን። ኪሊማኒ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ እዚህ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ያገለገሉ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ሦስት ፍራሽ አነጠፉ። "እትዬ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አናውቅምኮ" ስንላቸው "እኔስ መቼ ጠየቅኋችሁ" አሉ። የቆየነው እስከ ጥር ነው።

ማርች 27 ሰዓት እላፊ ተጀመረ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። በእንግሊዝኛ ሰባት የሚባለውን እኛ "አንድ ሰዓት"፣ እነሱ "ሳ ሞጃ" ይሉታል። እንግሊዝኛ የማይሰሙት አያቶቻችን የዚህ አገር ራዲዮ ሰዓት እላፊውን ሲናገር ሳይሳሳቱ የገባቸው በዚህ ምክንያት ነው። የቀን መቁጠሪያውን ግን ማንም አላስታረቀልንም። "አሥራ አራት ቀን" ሲባል የገባንበት ቀን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ብዙ ተከራክረናል።

ከእኛ አንዷ ይህን ክርክር የሰማችው ከውስጥ ሆና ነው። አያቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። በረራው ሊዘጋ መሆኑን ስትሰማ ወደ ቤተሰቦቿ ለመመለስ ተጣደፈች፤ የመኖሪያ ፈቃድ ስላላት ማርች 24 ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች። ወደ ቤት ግን አልተለቀቀችም። የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጪ ወደተመደበ ለይቶ ማቆያ ይሂድ ተብሎ ነበርና በአውቶቡስ ተጭነው የቻለ ወደ ሆቴል፣ ያልቻለ ርካሽ ወደሆነው ተወሰደ። ርካሹ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ነበር። ተማሪዎቹ ከተሸኙ ገና አራት ቀናቸው ነው። በተሰጣት ክፍል ቁም ሳጥኑ ላይ የሌላ ልጅ ስም ተለጥፏል፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሠራ የፈተና መርሐ ግብር አለ፤ ሐሙስ ኬሚስትሪ። እኛን ከዶርም ያስወጣን ደንብ እሷን ወደ ዶርም አስገባት። ያኔ አሳቀን፤ አሁንም ያስቀናል።

ትንንሾቹ ሁሌ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ስላለ እዚህ ላይ እንመልሰው፤ "ተመርምራ ነጻ ከሆነች ለምን አልለቀቋትም?" ምርመራው ረጅም እንጨት በአፍንጫ በኩል እስከ ጉሮሮ ድረስ ገብቶ ከሚወጣው ፈሳሽ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት አባዝቶ የሚፈልግ ነው። ቫይረሱ ትናንት የገባበት ሰው ዛሬ ቢመረመር ገና ስላልተራባ ላይገኝ ይችላል። ምልክቱ ለመውጣት እስከ 14 ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ነው ምርመራውም ቀን ቆጠራውም አብረው የታዘዙት። ይህ ትክክል ነው፤ አንቃወመውም። ትክክል ያልነበረው፣ ተለዩ የተባሉ ሰዎች አንድ መታጠቢያ ቤት መጋራታቸውና ለምግብ በአንድ መስመር መሰለፋቸው ነው። 14ኛው ቀን ላይ እዚያው ሕንጻ ውስጥ አንድ ሰው ተገኘበት ተባለ፤ ቆጠራው ለሁሉም እንደገና ከአንድ ጀመረ፤ የአልጋው ሒሳብም እንደዚያው። በዚያ ወቅት ይህ በኬንያ በብዙ ማቆያዎች ያጋጠመ ነገር ነው። መክፈል አቅቷቸው ከቀናቸው በላይ የተያዙ ሰዎች እንደነበሩም በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። የኬንያ ሻይ ከወተት ጋር ተፈልቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት "ቻይ ያ ራንጊ" እያለች ባዶ ሻይ ትለምን ነበር። መጀመሪያ አስተናጋጁ ታማለች ብሎ ተጨነቀ። ምሳው ግን ኡጋሊና ሱኩማ ነው፤ ሱኩማ ማለት ጎመን በመሆኑ ለጾመኛ የተመቸ ነው። ሁለተኛው 14 ቀን ከማለቁ በፊት ፋሲካ ደረሰ፤ ኤፕሪል 19። አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፤ ሰዓት እላፊም ስላለ ሌሊቱን ሙሉ መቆም የሚባል ነገር የለም። ቅዳሴውን በስልክ ተከታተልን፤ ኔትወርኩ በየመሐሉ እየተቆረጠ። እናቷ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጭንብል አድርገው፣ ዶሮ ወጡን በፎጣ ጠቅልለው በር ላይ ደረሱ። ጥበቃው ሣህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መድኃኒት ረጨበት። እናትየው "ወጡ ላይ እንዳይሆን ብቻ፣ ልጄ" አሉት። እሷ በሁለተኛው ፎቅ መስኮት ቆማ እጇን አወዛወዘች። "እንኳን አደረሳችሁ" የተባባሉት በስልክ ነው፤ የነበራቸው ርቀት ከዚህ ትምህርት ቤት በር እስከ ኳሱ ሜዳ ቢሆን ነው።

በሽታው ራሱ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ያየችው ነገር አልነበረም። በማቆያው ያየችው ሰው መጠበቁን ነው።

ናይሮቢ ከኤፕሪል 6 ጀምሮ ተዘግታ ነበር፤ በቲካ በኩል ቻኒያ ድልድይ፣ በሌላው አቅጣጫ ኪቴንጌላ፣ ኦንጋታ ሮንጋይና ንጎንግ ድረስ መንቀሳቀስ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሜይ 6 ደግሞ ኢስሊ ለብቻዋ ታጠረች። ለአንድ ወር ያህል ከኢስሊ የሚወጣ ሰው ስላልነበረ ጤፍና በርበሬ ከዚያ የሚያስመጣ ቤት ሁሉ ጠፋበት። እትዬ የስንዴና የሩዝ እንጀራ ሞከሩ። ስለ እሱ ባንናገር ይሻላል።

ስለ ሰኔው ግን ዝም ማለት አንችልም። ከሦስታችን የአንዷ አባት አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። በሽታው ኮሮና አልነበረም፤ የቆየ የልብ ሕመም ነው። በረራ የለም። አገር ቤትም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ላይ ስለነበረች ድንኳን አልተተከለም። ኬንያ ውስጥ ለቀብር የሚፈቀደው 15 ሰው ነው፤ ለለቅሶ ቤት የወጣ ደንብ ግን ስላልነበረ ጋሼዎቹ ራሳቸው ደንብ አወጡ። ሦስት ሦስት እየሆኑ እየተፈራረቁ መጡ። ግቢው ውስጥ በተራራቁ ወንበሮች ተቀምጠው፣ ቡና ሳይቀርብ፣ ሰዓት እላፊው ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለተገፋ 2 ሰዓት ላይ ይነሡ ነበር። ማንም አላቀፋትም። አንዲት አሮጊት ከአጥሩ ውጭ ቆመው "ልጄ፣ እጄ ነው የታሰረው፣ ልቤ አይደለም" ብለዋት ሄዱ። ሰው ሲሞት እየተደገፉ ማልቀስ የለመደ ሕዝብ እንዴት ሁለት ሜትር ተራርቆ ያለቅሳል? በዚያ ሳምንት አየነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለረጅም ጊዜ ያለቅሳል።

ኦገስት 1 በረራ ተከፈተ። ኬንያ ለሚገባ መንገደኛ ከ96 ሰዓት ያላለፈ የምርመራ ወረቀትና ከ37.5 ያልበለጠ ሙቀት ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያ 120 ሰዓት ትቀበል ነበር። የአባቷ አርባ ከመድረሱ በፊት ልትሄድ ቲኬት ተቆረጠ፤ ገንዘቡን በኤምፔሳ አዋጥተን ነው የሞላነው። ምርመራው ከመነሻዋ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተሰጠ፤ ውጤቱ በስልክ ሲመጣ "ኔጋቲቭ" የሚለውን ቃል ያዩት እትዬ ደነገጡ፤ "ኔጋቲቭ ማለት ጥሩ ነው እትዬ" እያልን አስረዳናቸው። ቦሌ ስትደርስ እንደገና ናሙና ወሰዱ፤ ወረቀት ያለው ሆቴል ባይገባም ቤቱ ውስጥ 14 ቀን ራሱን ይለይ ነበር። ሰርቪስ ቤት ውስጥ አልጋ ተዘረጋላት። አርባው የወጣው በዚያ 14 ቀን ውስጥ ነው። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ ቤተ ዘመድ ጥቂት ሆኖ ግቢው ውስጥ ሲቀመጥ፣ እሷ በሰርቪስ ቤቱ መስኮት ታያለች። ከናይሮቢ ድረስ መጥታ የመጨረሻውን ሃያ እርምጃ አልሄደችም። እናቷ መስኮቱ ሥር ወንበር አስመጥተው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። "ማንም ሳይነግራት ገብቷት ነው" ትለናለች።

ኳራንቲን የሚለው ቃል ከቬኒስ የመጣ ነው፤ በወረርሽኝ ዘመን መርከቦችን ወደብ ላይ የሚያቆሙበት አርባ ቀን ማለት ነው። ይህን ስንነግራት "የእኔም አርባ ነበር" አለች።

ስትመለስ ኢትዮጵያ ኬንያ ያለ ለይቶ ማቆያ ከምታስገባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለነበረች በወረቀቱ ብቻ አለፈች። ሰዓቱን ግን በጣቷ እየቆጠረች ነበር የመጣችው፤ በረራው ቢዘገይ 96ቱ ሊያልፍ ነው።

የቀረው በፍጥነት የሚነገር ነው። ጥር 2021 ካምፓስ ተመለስን፤ በር ላይ ሙቀት መለኪያ፣ በአዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ዘልሎ መቀመጥ፣ ባንድል ሲያልቅ ከስክሪን የሚጠፋ ሌክቸር። ማርች 26 ቀን 2021 ናይሮቢና ሌሎች አራት ካውንቲዎች እንደገና ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲም አብሮ። ያን ጊዜ ግን ፍራሾቹ ከእትዬ ሳሎን ገና አልተነሡም ነበር፤ ወረቀቱ በር ላይ እስኪለጠፍ እንኳ አልጠበቅንም። ሰዓት እላፊው የተነሣው ኦክቶበር 20 ቀን 2021 ነው።

ለዚያ ቲኬት ያዋጣነውን ገንዘብ አላቆምነውም። በወር 500 ሽልንግ፣ አሁን አሥራ አንድ ሰው ሆነናል። ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወላጆቹ ሌላ አገር ያሉ ልጅ ድንገት መሄድ ወይም መቅረት ቢኖርበት ከዚያ ይወሰዳል፤ ወለድ የለውም፣ ሲችል ይመልሳል። ዘንድሮ የምትጨርሱ ልጆች፣ ከመመዝገባችሁ በፊት "ካምፓሱ ቢዘጋ የውጭ አገር ተማሪ የት ያድራል?" ብላችሁ ቢሮውን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከገንዘቡ የሚፈልግ ካለ ለአማርኛ መምህራችን ይንገር፤ ስልካችን እሳቸው ጋ አለ።