ከአውቶቡስ ተራ እስከ ስድስት ኪሎ

መርካቶ ራሱ ተዛውሮ የመጣ ገበያ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933) ከአራዳ ተነሥቶ እዚህ ሰፈረ። በዚሁ ሠፈር፣ በአውቶቡስ ተራ በር ላይ፣ አንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ የምትመጣ ልጅ ይጠብቃል።

አምና እዚሁ ቆሞ እንደ ስብሰባ መሪ ደንብና ሥርዓት ሲዘረዝር፣ እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በማግሥቱ ግን ግማሾቹ የምዝገባውን ቦታ አጡት። በ1943 በኮሌጅነት ተጀምሮ ዛሬ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በያዘ ተቋም ውስጥ መጥፋት አያስገርምም። ተዛዋሪው ደግሞ አዲስም ነባርም አይደለም፤ ጭንቀቱም የብቻው ነው።

ልጅቷ ከአውቶቡሱ እንደ ወረደች፣ «የሁለት ዓመት ትምህርቴ ይቆጠርልኛል?» አለችው። አምና ቢሆን «አይዞሽ፣ ይቆጠራል» ባለ ነበር። ዘንድሮ ግን ቆም አለና፣ «አላውቅም፤ ነገ ጧት አብረን እንጠይቃለን» አላት። ይህን ቃል ለመናገር አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅቶበታል።

በማግሥቱ ከመዝጋቢው መስኮት ሲደርሱ ንግግሩ በአፉ ሞልቶ ነበር፤ ዋጠው። ጠያቂዋ እርሷ ሆነች፤ እርሱ ማስረጃዎቿን ይዞ ከኋላዋ ቆመ። ሦስት ኮርሶች አልተያዙላትም። ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያም የቀሩትን ቆጠረች።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ በር ላይ እንግዳ የሚጠብቁት ሁለት ነበሩ።