ጥፋተኛው እጅ

የልጅ ልጄ ግራኝ ነው። እኔም ነበርኩ፤ ፊደል ስቆጥር ግራ እጄን በመቀነት እያሰሩ ቀኝ አስለመዱኝ።

ባለፈው ፋሲካ አሜሪካ ያለው ልጄ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነማጠንጠኛው ላከለት። «የግራ» የሚል መርጦ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ልናጠምድ ሄድን። ልጁ ዘንጉን በሚቀናው በግራው ሲይዝ፣ መዘውሩም ያው በግራ ነው! ወደ ቀኝ አዛውሮ ቢሞክር መወርወር አቃተው።

«አባባ፣ ጥፋተኛው እጄ ነው» አለኝ። አንጀቴ ተላወሰ።

ለካ «የግራ» የሚባለው መዘውሩ ያለበት ጎን ኖሯል፤ ዘንጉን በቀኝ ይዞ በግራ ለሚያጠነጥን ሰው ነው። ዘንጉን በግራው ለሚይዝ ልጅ የሚመቸው የቀኙ ነው። ደግነቱ የእኛ ማጠንጠኛ ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው ዓይነት ነበር፤ የዚያ እጀታ አብዛኛውን ጊዜ ተፈትቶ በወዲያኛው ጎን ይገባል። ከዘንጉ ላይ የሚቀመጠው ግን ብዙውን ጊዜ አይዛወርም፤ ሲገዙ መጠንቀቅ ነው።

ፈትቼ አዛወርኩለት። በግራው ወረወረ፤ ራቅ አድርጎ። ዓሣ እንኳ አልያዝንም።

ማታ በግራው ሲጎርስ አያቱ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካሁት።